አንደኛ ክፍል ለልምምድ የወጣችሁ፦ የእያንዳንዱን ልጅ ንባብ እንዴት ትሰማላችሁ?

ዕጩ መምህርት (መንዝ)

ሰላም ለሁላችሁም። የመምህራን ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለተግባር ልምምድ የተመደብኩት መንዝ ውስጥ በሚገኝ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሲሆን፣ የማስተምረው አንደኛ ክፍልን ነው። የምልከታውና የረዳትነቱ ጊዜ አልቆ አሁን አማርኛና ሒሳብ ራሴን ችዬ ይዣለሁ። ክፍል ከገባሁ ጀምሮ ከአእምሮዬ ያልወጣ አንድ ጉዳይ አለ። ልምድ ያላችሁ እንድትመክሩኝ፣ እንደ እኔ በልምምድ ላይ ያላችሁም የምታዩትን እንድትነግሩኝ ነው የምጽፈው።

ጉዳዩ የኅብረት ንባብ ነው። ሰሌዳው ላይ «ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ» ተጽፎ የመጠቆሚያው እንጨት ሲነሣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይቀበላል። በአጥሩ በኩል የሚያልፍ ሰው ቢሰማ 68 ልጆች ፊደል ለይተዋል ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። እንጨቱ ከ«ለ» ዘልሎ «ሌ» ላይ ሲያርፍ ግን ገሚሱ ክፍል «ሉ» ይላል። ዜማው ይቀድማቸዋል። አንዳንዶቹ ሰሌዳውን ፈጽሞ አያዩም፤ ዓይናቸው ያለው ከጎናቸው በተቀመጠው ልጅ ከንፈር ላይ ነው። ከሁሉም ጎልቶ ድምፅዋ የሚሰማ አንዲት ልጅ አለች። ለብቻዋ ሳዳምጣት ከራሷ ስም የመጀመሪያ ፊደል በቀር የምትለየው የለም። ይህች ልጅ ሰነፍ አይደለችም። የተጠየቀችው ከክፍሉ ጋር አብራ ድምፅ እንድታወጣ ነው፤ ያንን ከማንም በላይ አሟልታለች።

ልጆቹ ባዶ እጃቸውን እንደማይመጡም በየቀኑ አያለሁ። በ«በ» የሚጀምር ቃል ስጡኝ ስላቸው በግ፣ በሶ፣ በሬ፣ በረት እያሉ ተሻሙ። አንዱ ባቄላ አለ፤ አንዷ ብርድ አለች። ሁሉንም ሰሌዳው ላይ ጻፍኳቸውና «በግ እና ባቄላ ስትሉ አፋችሁ እኩል ይከፈታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርስ በርስ አፍ ለአፍ እየተያዩ ይሞክሩ ጀመር። ባቄላ ከባና ጋር ሄደ፣ ብርድ ከብቅል ጋር። ቡናና ቡሄ፣ ቢላዋና ቢራቢሮ፣ ቤት፣ ቦይ ተከተሉ። ሰባቱም ድምፆች ከራሳቸው ቤት ቃላት ወጡ። በዚያ ክፍለ ጊዜ በመዝሙር ያልያዙትን ልዩነት በጆሯቸው ያዙት።

ሒሳብ ላይም እንዲሁ ነው። በግ የሚጠብቅ ልጅ አለኝ። ከመንጋው አንዷ ብትጎድል ሳይቆጥር በዓይኑ ያውቃል፤ የትኛዋ እንደጎደለችም በመልኳ ይናገራል። ሰሌዳ ላይ «8 – 1» ተጽፎ ሲያይ ግን ዝም ይላል። «ስምንት በጎች ነበሩህ፤ አንዷ ከጓሮ ቀረች» ሲባል ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ይመጣል። ስለዚህ ቁጥሩን የምጽፈው እሱ ከተናገረ በኋላ ነው፤ የተናገረው ነገር በወረቀት ላይ እንዲህ እንደሚመስል አሳየዋለሁ። አሥር አሥር አድርገን ያሰርነው የገብስ አገዳም ትልቅ እርዳታ ሆኖኛል።

ችግሬ ጊዜው ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ የሚደርሱት ልጆች ጣታቸው ደርቆ እርሳስ ስለማይጨብጥላቸው የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በእንቅስቃሴና በቃል ጨዋታ አሳልፋለሁ። ከዚያ ሌሎቹ ሲጽፉ ስምንት ልጆችን አንድ በአንድ ጠጋ ብዬ አዳምጣለሁ፤ የለዩትንና ያልለዩትን በደብተሬ እይዛለሁ። በዚህ ጊዜ ክፍሉ መንጫጫቱ አይቀርም። የልምምዱ ውጤት ሲሰጥ ደግሞ የክፍል አያያዝ የራሱ ነጥብ አለው። ሁሉም በአንድ ድምፅ ሲያነብ የተስተካከለ ክፍል ይመስላል፤ አንድ ልጅ ሳዳምጥ መምህርቱ ክፍሉን የለቀቀችው ይመስላል። እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?

ጡረተኛው መምህር (አንኮበር)

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ገና ከጅምሩ ጆሮሽን ለልጁ ማዋልሽ ደስ ብሎኛል።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ነው። ሰው የቄስ ትምህርት ቤትን ሲያነሣ የሚታወሰው ጩኸቱ ነው። ጩኸቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዳችን የምንጮኸው የየራሳችንን ነበር። አንዱ ሀ ሁ ይላል፣ ሌላው መልእክተ ዮሐንስ ላይ ነው፣ ከፍ ያለው ዳዊት ይደግማል። ከዚያ ተራ በተራ እንቀርባለን። የኔታ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ በስንደዶ ፊደሉን እየነካ ይጠይቃል። ያልለየ ልጅ ወደሚቀጥለው አይሻገርም፤ ቢዘገይ ማንም ጥሎት አይሄድም። ዱላውን አልደግፍም፤ እኔም ቀምሼዋለሁ፣ ለልጅ አይበጅም። ለብቻ የማዳመጡ ሥርዓት ግን ሊቀር የማይገባው ነበር። አስኳላ ትምህርት ቤት ከዚያ ቤት ዜማውን ወስዶ ማዳመጡን ተወው ብዬ አምናለሁ።

አንቺ ለምታይው ችግር የቀደሙት መድኃኒት ነበራቸው። ከሀ ሁ ቀጥሎ አቡጊዳ እንማር ነበር፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ፣ ቀጥሎ በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። እያንዳንዱ እርምጃ ፊደሉንም ድምፁንም ይቀይራል። ሀ ሁን በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ሲደርስ ይቆማል፤ ቅርጹን የለየ ግን ያልፋል። ሰሌዳሽ ላይ ጻፊና ሞክሪው። የትኛው ልጅ ዓይኑ ሰሌዳ ላይ እንደሆነ፣ የትኛው ጓደኛው ከንፈር ላይ እንደሆነ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይገለጥልሻል።

የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ (እነዋሪ)

እኅቴ፣ ሐሳብሽን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሁሉም እየተስማማ እንዳያልፍ ሌላውን ወገን ላንሣ። የትምህርት ዓመቱ ዕቅድ አለ፣ መጽሐፍ አለ፣ በየሩብ ዓመቱ ምን ያህል እንደተሸፈነ የሚጠየቅ ርእሰ መምህር አለ። በቀን ስምንት ልጅ ስታዳምጪ 68 ልጅ ለማዳረስ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅብሻል። ለረጅም ጊዜ እንደ መለኪያ የተያዘው በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው፤ ያንቺ ክፍል ከዚያ በላይ ነው። ለሠላሳ ልጅ የታሰበ ዘዴ ለ68 ይሠራል ወይ? አንቺ ልምምድሽን ጨርሰሽ ትሄጃለሽ። የክፍሉ መምህር ሰባት ትምህርት ይዞ፣ ፈረቃ ተደርቦበት ይህን ይቀጥላል ብዬ አልጠብቅም።

በሌላ በኩል ችግሩ የት እንደሚያርፍ የማየው እኔ ነኝ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ መደመርና ማባዛት ይችላል። ጥያቄው በዐረፍተ ነገር ሲቀርብለት ግን አንብቦ ሳይጨርሰው ደወሉ ይደወላል። ሒሳብ አያውቅም ተብሎ ዜሮ ይሰጠዋል፤ ያቃተው ንባብ ነው።

ዕጩ መምህርት (መንዝ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አቡጊዳን ስሙን እንጂ ለምን እንደሚያገለግል የነገረኝ አልነበረም። ይህን ሳምንት እሞክረውና የሆነውን እጽፍልዎታለሁ።

መምህር፣ ያነሣኸው የጊዜ ጥያቄ እኔንም የሚያስጨንቀኝ ነው። ሁለት ሳምንት መፍጀቱን አልክድም። ግን ሳላዳምጥ መጽሐፉን ብሸፍን የሚሸፈነው ለየትኛው ልጅ ነው? ቀድመው ለለዩት ጥቂቶች ይሆናል። የመጨረሻውን አንቀጽህን ደግሞ እባክህ ለትምህርት ቤቶች ስብሰባ ይዘኸው ግባ። የአንደኛ ክፍል መምህራን ከሰባተኛ ክፍል መምህር አፍ ቢሰሙት ትልቅ ነገር ነው።

ቆላ የደረሰው (ሸዋ ሮቢት)

እኔም በልምምድ ላይ ነኝ። እዚህ ውርጭ የለም፤ ከረፋድ በኋላ ሙቀቱ ልጆቹን ያደክማቸዋል። የኔን ክፍል ከባድ ያደረገው ግን የዕድሜው ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ደርሶ ነበር፤ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሎ ቆይቷል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በጸጥታው ምክንያት በክልላችን በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ስለዚህ በአንድ ወንበር ላይ የስድስት ዓመት ሕፃንና የአሥር ዓመት ልጅ አብረው ይቀመጣሉ።

ትልልቆቹ ያፍራሉ። ትንሹ ልጅ «ሰ»ን ሲለይ ትልቁ ካልለየ በሚቀጥለው ቀን አይመጣም። የኅብረት ንባብ ለእነዚህ መሸሸጊያቸው ነው፤ ልንነጥቃቸው አይገባም እላለሁ። ስለዚህ ሁሉም ፊት አስነሥቼ አልጠይቅም። ለብቻ የማዳምጠው ከክፍሉ ውጭ ጥላ ሥር ወይም በዕረፍት ሰዓት ነው። ትልልቆቹ ደግሞ በቁጥር ይበልጣሉ፤ ገበያ ተልከው ያውቃሉ፣ ሽንኩርት መዝነው ሽጠዋል፣ መልስ ሰጥተው ተቀብለዋል። ሒሳብ ላይ እነሱን አስቀድማለሁ። አንዱ ልጅ የገበያ ሒሳቡን ካሳየን በኋላ የእቃዎቹን ስም ራሱ መጻፍ ፈለገ። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ማሽላ፣ ማሾ። ከመጽሐፉ ቅደም ተከተል ውጭ ነው፤ ግን በዚያ መንገድ ብዙ ፊደል ለይቷል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ፊደል በፊደል በሚገባ የሚለዩ፣ ቃል ሲሆን ግን የሚቆሙ ልጆች አሉኝ። «ል» «ብ» «ስ» ይላሉ፤ «ልብስ» አይሉም። ምን ላድርግ?

አማካሪ መምህርት (ደነባ)

ልጆቼ፣ አንደኛና ሁለተኛ ክፍልን ለብዙ ዓመታት ይዣለሁ፤ ከኮሌጅ የሚላኩ ተማሪዎችንም በአማካሪነት እቀበላለሁ። የምጽፈው ከክፍሌ ነው።

መጀመሪያ ለኅብረት ንባብ ልከራከርለት። ዓይናፋር ልጅ ድምፁን የሚያገኘው በብዙ ድምፅ መካከል ነው። አዲስ ፊደል ሲገባ፣ ተረት በዜማ ሲነበብ፣ ከምሳ በኋላ ክፍሉ ሲፈዝዝ ያስፈልጋል። ጥፋቱ የሚመጣው በኅብረት የተሰማው ድምፅ እንደ ምዘና ሲቆጠር ነው። ስለዚህ አትተዉት፤ ግን አሳጥሩት፣ ከዚያም በታትኑት። እኔ መጀመሪያ ክፍሉን ሁሉ፣ ከዚያ አንድ ረድፍ፣ ከዚያ አንድ ወንበር፣ በመጨረሻ አንድ ልጅ አስነብባለሁ። ረድፉ ሲያነብ ሌላው ረድፍ በጣቱ ይከተላል። ጣቱ የት እንዳለ ማየት ብቻውን ብዙ ይነግራችኋል፤ ድምፅ ሳያወጣ የሚመዘን ልጅ በዚህ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ ፊደሉን ራሱን አሳዩአቸው። ገበታው 33 ረድፍ በ7 ነው፣ 231 ቅርጽ። ሁሉንም አንድ በአንድ ያዙ ብንላቸው ሕፃናት ይደክማሉ። ቅርጾቹ ግን ሥርዓት አላቸው። ካዕቡ ብዙውን ጊዜ ወገቡ ላይ በስተቀኝ ቅጥያ ያወጣል፦ ሉ፣ ቡ፣ ሱ። ሣልሱ ቅጥያውን ወደ እግሩ ያወርዳል፦ ሊ፣ ቢ፣ ሲ። ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት ያደርጋል፦ ሌ፣ ቤ፣ ሴ። ከካርቶን ቀደው የጻፏቸውን ፊደሎች «ቀለበት ያላቸውን ለዩ» ስትሏቸው እየተሻሙ ይለያሉ፤ ከዚያ «ሁሉም መጨረሻቸው እንዴት ይላል?» ብላችሁ ስትጠይቁ ሥርዓቱን ራሳቸው ይደርሱበታል። የሚያፈነግጡትን፣ ሩ ሪን፣ ፉ ፊን፣ ሳድሱንና ሳብዑን (ስድስተኛውንና ሰባተኛውን፣ እንደ ል እና ሎ) ለብቻ ጊዜ ስጡ። ልጅ የሚያምታታው በአብዛኛው የሚቀራረቡትን ነው፤ ሰ እና ለ፣ ተ እና ቀ፣ ነ እና ኘ። እነዚህን በአንድ ቀን አብራችሁ አታስገቡ።

የሸዋ ሮቢቱ ልጄ የጠየቅኸው የሳድስ ነገር ነው። «ልብስ» ሦስቱም ሳድስ ስለሆነ ለጀማሪ ከባድ ቃል ነው። ከሱ አትጀምር። ሁለት ፊደል ያላቸውንና ሁለተኛው ብቻ ሳድስ የሆነውን ስጣቸው፦ ቤት፣ በግ፣ ላም። «ቤ» የሚለውን ሳያቋርጡ ስበው ይያዙት፤ ጣታቸው «ት» ላይ ሲደርስ አፋቸው ይዝጋው። ደግሞ ከመጻፉ በፊት ቃሉን በቃል ይስሙት። እኔ «ላ... ም» እላለሁ፤ እነሱ «ላም!» ይላሉ። ይህን በመንገድ፣ በሰልፍ፣ እጅ ሲታጠቡ ተጫወቱት። እንዲሁም ልጁ የሚያነበው ምን እንደሆነ ይረዳ። ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ዐረፍተ ነገሩ ያልገባው ልጅ «ገና» የሚለውን በዓሉን ይሁን ጊዜውን አያውቅም፤ ስለዚህ እያነበበ አይደለም ማለት ነው።

ስለ ቀሪ ልጆች ደግሞ፣ አሁን መኸር ነው። አጨዳና ውቂያ ሲመጣ፣ ጭላዳ ከገብሱ ሲጠበቅ፣ የገበያ ቀን ሲሆን ትልልቆቹ ይቀራሉ። ሲመለሱ ክፍሉ ሌላ ፊደል ላይ ነው። የማዳምጠው ቅደም ተከተል ከመዝገብ ስም ሳይሆን ከቀሪዎቹ ይጀምራል። የመጣ ቀን ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው።

እናት (ደብረ ብርሃን)

እኔ መምህርት አይደለሁም፤ ልጄ ግን አምስት ዓመቷ ነው፣ መዋዕለ ሕፃናት ትማራለች። ስሙን የማልጠቅሰው የግል ትምህርት ቤት ነው። በየቀኑ ገጽ ሙሉ ፊደል፣ ገጽ ሙሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር እንድትገለብጥ የቤት ሥራ ይሰጣታል። እርሳስ የያዘችበት ጣት ይቀላል። ማታ ማታ ደብተሯን ሳወጣ ታለቅሳለች። ሌሎች ወላጆች ግን ብዙ የቤት ሥራ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ጎበዝ ነው ይላሉ። ጎረቤቴም «ያንቺ ልጅ ስንት ገጽ ጻፈች?» ብላ ትጠይቀኛለች። እኛ ዘንድ የልጅ ጉብዝና የሚለካው በደብተሩ ላይ በተጻፈው ገጽ ብዛት ነው። ቤት ውስጥ ምን ባደርግ ይሻላል?

አማካሪ መምህርት (ደነባ)

እኅቴ፣ የአምስት ዓመት ልጅ እጅ ገና ለገጽ ሙሉ ጽሑፍ አልጠነከረም። እጇ የሚጠነክረው ሊጥ ስትዳብስ፣ ጭቃ ስታድቦለቡል፣ ቅልሞሽ ስትጫወት፣ ባቄላ ስትፈለፍል ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎ በትምህርት ሥርዓቱ ውስጥ አስገብቶታል፤ ብዙ ቦታ ግን ያ ሁለት ዓመት የአንደኛ ክፍል ትምህርት ቀድሞ የሚጫንበት ሆኗል። መምህርቷን በእርጋታ አነጋግሪያት። «ግማሽ ገጽ ብቻ ትጻፍ፤ ቀሪውን በቃል ትንገረኝ» ብትያት እምቢ የምትል አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ ገጹን የሚጠይቀው ወላጅ ነው፤ መምህርቷም ይህ ይከብዳታል።

ቤት ውስጥ ተረት ንገሪያት፤ ከዚያ መልሳ እንድትነግርሽ አድርጊ። መልሳ ስትነግር የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ ማሰብ አለባት፤ በኋላ ለማንበብ የሚያስፈልጋት ይህ ነው። እንቆቅልሽ ተጫወቱ። ካላወቀች «አገር ስጪኝ» በያት፣ ትሳቅ። ለቁጥር ገበጣ የሚበልጥ አላውቅም። አራት ጠጠር ይዛ አንድ አንድ ስትዘራ መቁጠር ብቻ ሳይሆን የት እንደምትደርስ ቀድማ መገመት ትማራለች። ስታለቅስ ግን ደብተሩ ይዘጋ።

የኮሌጅ አስተማሪ

ዕጩ መምህርት ላነሣችው የነጥብ ጉዳይ መልስ መስጠት የሚገባኝ መሰለኝ፤ ልምምድ ከሚገመግሙት አንዱ ነኝ።

የምናየው ክፍለ ጊዜ አንድ ነው። ከኋላ ወንበር ተቀምጠን፣ ቅጹን ይዘን፣ የሚታየውን እንሞላለን። ልጅ ለብቻ የሚደመጥበት ደቂቃ ዕቅዱ ላይ ካልተጻፈ ክፍተት ይመስላል። ስለዚህ በዕለታዊ ዕቅድሽ በመምህሩ ተግባር ዓምድ «ስምንት ተማሪዎችን በተናጠል ማዳመጥና ውጤት መመዝገብ» ብለሽ ጻፊ፤ በተማሪው ተግባር ዓምድ ሌሎቹ በዚያ ጊዜ የሚሠሩትን አስቀምጪ። የሚሠሩት ነገር ቀላልና የለመዱት ይሁን። አዲስ ሥራ ከሰጠሻቸው ይጠይቁሻል፣ ይንጫጫሉ። የምዘና ደብተርሽን ለገምጋሚው አሳዪ። እኔ እንዲህ ያለ ደብተር ያሳየኝን ተማሪ በጫጫታ ምክንያት ነጥብ አልቀንስም፤ የሥራ ባልደረቦቼም እንዲሁ እንዲያዩት እከራከራለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የንባብ ክህሎት ምዘና ሲካሄድ፣ ሁለተኛ ክፍል ደርሰው አንዲት ቃል ማንበብ ያልቻሉ ብዙ ልጆች ተገኝተዋል። የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት እንደገና የተዘጋጁት ከዚያ በኋላ ነው። ያ ምዘና ከተለመደው ፈተና የሚለየው መዛኙ ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር ለብቻው ተቀምጦ በቃል ስለሚያስነብብ ነው። እነዚያ ልጆች ከምዘናው በፊትም በየክፍላቸው ነበሩ፤ ለብቻቸው የሰማቸው አልነበረም። አንቺ የምትይዥው ደብተር ያንኑ ሥራ በየሳምንቱ ይሠራል።

የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ (እነዋሪ)

የደነባዋ መምህርት «ከክፍል ወደ ረድፍ፣ ከረድፍ ወደ ወንበር» ያሉት ለጊዜ ጥያቄዬ ጥሩ መልስ ነው፤ ለ68 ልጅም ይሠራል። የክፍሉ ብዛት ግን አሁንም በመምህሩ ብርታት ብቻ የሚሸፈን እንዳይሆን እሰጋለሁ። ተጨማሪ መምህርና ተጨማሪ ክፍል የሚጠይቅ ነገር ነው፤ ይህንንም ከዘዴው ጋር እኩል እንናገር። ለትምህርት ቤቴ ስብሰባ የተባለውን ይዤ እገባለሁ።

ዕጩ መምህርት (መንዝ)

አቡጊዳውን ሞከርኩት። የመጀመሪያውን ረድፍ ብቻ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ በገበታው ገና ያልደረስንባቸው ስላሉ በነሱ ላይ ረዳኋቸው። ጋሼ እንዳሉት ድምፁ ወዲያው ሳሳ። በጣም ጎልተው ይሰሙ የነበሩት ዝም አሉ፤ ሁልጊዜ ዝም የምትለው፣ ጥግ ላይ በጋቢ ተጠቅልላ የምትቀመጠው ልጅ ደግሞ አንድም ሳትስት ወረደችው። ከታላቅ ወንድሟ ጋር ቤት ውስጥ መጽሐፍ ታያለች አሉ። ለሷ እስካሁን ስሰጣት የነበረው ሥራ ቀላል ስለነበር አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ወዳሉት ገጽ አሻግሬያታለሁ።

ጎልታ የምትሰማዋን ልጅ ከሷ ጎን አስቀምጫታለሁ። ድምፅ የማውጣት ድፍረቱ አላትና የጎደላት ዓይኗን ቅርጹ ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው። ከራሷ ስም ፊደሎች ጀምረን፣ ቀጥሎ የእናቷን፣ ቀጥሎ የበጎቻቸውን ስም በካርቶን ጻፍን። አሁን የምትለያቸው ፊደሎች እየበዙ ነው።

የክፍሉን መምህርትም አነጋገርኳቸው። ሰባት ትምህርት ይዘዋል፤ ሥራው ከባድ እንደሆነ ሳይደብቁ ነገሩኝ። ደብተሩን ሳሳያቸው ግን ተቀምጠው አንድ በአንድ አገላበጡት፤ ሦስት ልጆች ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «እነዚህን የሚያነቡ አድርጌ ይዣቸው ነበር» አሉኝ። ልምምዴ ሲያልቅ እንዲቀጥሉበት አዘጋጅቼ እሰጣቸዋለሁ። በየሳምንቱ ሁሉንም ማዳመጥ ባይችሉም፣ ፊደል ያልለዩትን ልጆች ብቻ በየቀኑ ሁለት ሁለት እያደረጉ ለማዳመጥ ተስማምተናል። የደብተሩን ዓምዶች እንዴት ላሳጥርላቸው? አሁን ስም፣ የተለዩ ፊደሎች፣ ያልተለዩ፣ የሚነበቡ ቃላት፣ ቀሪ የሆነበት ቀን እና አስተያየት አሉት፤ ለአንድ መምህርት ይበዛል።

አማካሪ መምህርት (ደነባ)

ሦስት ዓምድ ይበቃል፦ ስም፣ ያልተለዩ ፊደሎች፣ ቀን። የተለየውን መጻፍ አያስፈልግም፤ ከዝርዝሩ መሰረዝ ብቻ ነው። ቀሪ የሆነበትን ቀን ከስም መጥሪያው ያገኙታል።

ጡረተኛው መምህር (አንኮበር)

ሁለተኛውን ረድፍ ከመጻፍሽ በፊት የመጀመሪያው ላይ ቆዪ፤ ከጫፍ ወደ ኋላም አስነብቢያቸው፦ ዞ ው ሄ ዳ ጊ ቡ አ። ሦስተኛው ረድፍ ገ ዱ ሂ ዋ ዜ ሕ ጦ ነው። የቀሩትን ጽፌ የልጅ ልጄ በስልክ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልሽ አደርጋለሁ፤ ለክፍሉ መምህርትም አንድ ቅጂ ስጫቸው።